አክስት የተባለው ፋይል

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ ብዬ እንደተነሳሁና እንደተውኩት እኔው አውቃለሁ። መጀመሪያው የት እንደሆነ ነው የሚጠፋብኝ። ከሲስተር ልጀምር ብል ጋሽ ስምንት ይቀድማል፤ ከጋሽ ስምንት ልጀምር ብል የባለቤቱ አክስት ትቀድማለች። አክስትየዋ ደግሞ ከሞተች ሃያ አራት ዓመት አልፏታል፤ በሕይወት እያለችም ስለ ፈተና አንድ ቀን አስባ የምታውቅ ሴት አልነበረችም። ስለዚህ ከራሴ መስኮት እጀምራለሁ። እሱ ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ።

የምሠራው በሞያ ፈተናዎች መሥሪያ ቤት፣ ማረጋገጫ ክፍል፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ነው። ሥራዬ አጭር ነው። ሰው የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ እመታለሁ፤ «አለ» ካለኝ ማህተም፣ «የለም» ካለኝ ደህና ዋል። ድሮ የምናጣራው ከወረቀት መዝገብ ነበር። ወደ አዲሱ ሕንፃ ስንዛወር ግን «ሁሉም ማሽን ላይ አለ» ተባለና መዝገቦቹ ተወገዱ። ያን ጊዜ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ጭምር። እንዲያውም ከአቧራው ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንዲት አዋላጅ ነርስ መጣች። ሃምሳ ያለፋት፣ ነጭ ጫማ ያደረገች፣ ጥፍሯን ከሥሩ የቆረጠች ሴት ናት። የጤና ባለሙያዎች ፈቃድ በአዲስ መልክ እየታደሰ ስለሆነ ከእኛ ማረጋገጫ አምጪ ተብላለች። ቁጥሯን መታሁ። የለም። ደግሜ መታሁ። የለም። በስሟ ፈለግሁ፤ እሱም የለም።

«ሲስተር፣ እዚህ የሉም» አልኳት።

«እንዴት የለሁም?»

«መዝገብ ላይ የሉም። ወረቀቱን ከየት ነው ያመጡት?»

አሁን ሳስበው አነጋገሬ ያሳፍረኛል። ግን በዚያ ወር ብቻ አራት ሐሰተኛ ወረቀት ይዤ ነበር፤ አራቱም «እንዴት የለሁም» ነው ያሉኝ፤ ሁለቱማ አልቅሰውልኛል። ስለዚህ ልቤን ድንጋይ አድርጌ ደንቡ የሚያዘውን ፈጸምኩ። «ወረቀቱ አጠራጣሪ ነው» የሚለውን ቅጽ ሞልቼ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መራሁት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። እስከ ሐሙስ ማስረጃ ካላቀረበች ሲስተር ከማዋለጃ ክፍል ትባረራለች፤ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ሲስተር አላለቀሰችም። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አዋልጃለሁ» አለች። «የለሽም ካልሽኝ፣ ያን ሁሉ ልጅ የተቀበለው ማን ነው?»

መልስ ስላልነበረኝ ተናደድኩባት። መልስ የሌለው ጥያቄ ስጠየቅ መናደድ የቆየ በሽታዬ ነው። «እስቲ አብረውዎት የተፈተኑ ሰዎችን ይንገሩኝ» አልኳት፤ ያልኳትም ተምታቶባት እንድትሄድልኝ ነው። አንዷን ጠራች፤ መታሁ፤ የለችም። ሌላዋን ጠራች፤ እሷም የለችም። አምስት ሰው ጠራችልኝ፤ አምስቱም የሉም። ከአምስቱ አንዷን እኮ አውቃታለሁ! የትልቅ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ናት፤ በቴሌቪዥን ስትናገር አይቻታለሁ። ያኔ ነው ግራ የገባኝ። አንድ ሰው አስመስሎ ወረቀት ሊያሠራ ይችላል። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ እንዴት ባንዴ ከምድር ይጠፋል?

ቅጹ ግን ሄዷል። በእኛ መሥሪያ ቤት የሄደ ቅጽ በኮሚቴ ካልሆነ አይመለስም። ሲስተርን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ጋሽ ስምንት ወረድኩ።

የጋሽ ስምንትን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። ሜይንፍሬም የሚባለውን ትልቁን ኮምፒውተር ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። ማሽኑ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሦስት ሣጥኖች ነው፤ ክፍሉ ሁልጊዜ መቀዝቀዝ አለበት። ጋሽ ስምንት ሲገባ ሹራብ ይለብሳል፣ ሲወጣ ያወልቃል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ሹራብ በክንዱ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። የቅጽል ስሙ ምንጭ ደግሞ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚናገራት አንዲት ነገር ናት። ኃላፊዎቹ ለአዲስ ፈተና አንድ ክንድ የሚሞላ ርዕስ ይዘው ሲወርዱለት፣ «ስምንት ፊደል! ከዚያ በላይ አትቀበልም» ይላቸዋል። አትቀበልም የሚለው ማሽኗን ነው። የፋይል ስም ከስምንት ፊደል ከበለጠ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ንቅንቅ የለም።

ሌላም ክልከላ ነበረባት። አንድ ፋይል በአንድ ዲስክ ላይ አሥራ ስድስት ቁራሽ ቦታ ብቻ ነው የሚሰጠው። አሥራ ስድስቱ ሲሞሉ ሥራው በመሃል ቀጥ ይላል። የተፈታኙ ቁጥር በየዓመቱ ያድጋል፤ የማሽኗ ሕግ አያድግም። ጋሽ ስምንት ዘዴ ዘየደ፤ ፋይሉ ሲሞላ ሌላ ፋይል ከፍቶ የተረፈውን እዚያ መጻፍ ጀመረ። ታዲያ የትኛው ፋይል የትኛውን እንደሚከተል በምን ይታወቅ? ሌላ ሰው ቢሆን ተራ ቁጥር ይሰጣቸው ነበር። ጋሽ ስምንት ግን ቁጥር ይምታታበታል፤ ሰው አይምታታብኝም ባይ ነው።

ሲያገባ ዘመደ ብዙ ቤት ውስጥ ነው የገባው። ባለቤቱ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛ ናት። ከሠርጉ በፊት ማን ለማን ምን እንደሆነ አስቀምጣ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አስጠንታዋለች። «በሕይወቴ በቃሌ የያዝኩት ነገር እሱ ብቻ ነው» ይላል። እናም ፋይሎቹን በሚስቱ ዘመዶች ሰየማቸው። ታላቅ ወንድም የተባለው ፋይል ሲሞላ ወደ ወንድምየው ሚስት ይሻገራል፤ እሷ ስትሞላ ወደ ልጃቸው፤ ልጁ ሲሞላ ወደ ምራት። ኮሪደር ላይ «አማቴ ጢም ብሎ ሞላ፤ ግማሹን ወደ እንጀራ ልጁ አሻገርኩት» ሲል የሰማ እንግዳ ምን ይል እንደነበር እንጃ። እኛ ለምደነዋል።

አዲሱን ሲስተም የዘረጋው ኢንጂነር ግን አልለመደም። ለሁሉም ነገር «ችግር የለም» ስለሚል ችግር-የለም ብለን ነው የምንጠራው። ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ለማዛወር ሲመጣ ጋሽ ስምንት የዘመዶቹን ዝርዝር አራት ገጽ ሙሉ ጻፈለት። ችግር-የለም ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ይዞ «ምራት ከልጅ በፊት ናት በኋላ?» እያለ ሲዞር ከርሞ፣ በመጨረሻ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ገልብጦ ጨረሰ።

ወደ ሰኞ ልመለስ። የሆነውን ስነግረው ጋሽ ስምንት አላመነታም።

«የዚያን ዓመት አዋላጆች? አማቴ ላይ ነው የሚጀምሩት» አለ።

አማት የተባለውን ፋይል ከፈተው። እውነትም የዚያ ዓመት ተፈታኞች አሉ። መጨረሻው መስመር ላይ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይቀጥላል» ይላል። ሲስተርም የክፍል ጓደኞቿም ከሚቀጥሉት ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

«የት ነው የሚቀጥለው?» አልኩት።

«ወደ ታላቅ ልጁ ነዋ።» ታላቅ ልጁን ከፈተ። ሾፌሮች። «አይ፣ ወደ ሁለተኛው ነው።» ሁለተኛውን ከፈተ። ቀያሾች። ሦስተኛዋ ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች። አራተኛው ላይ ደግሞ እነዚያው ሾፌሮች ቀጥለዋል። አንዱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ጣቱን አየር ላይ እያወዛወዘ የሆነ ሰው ይቆጥራል፣ እንደገና ይከፍታል። እኔ በበኩሌ ከአራተኛው ልጅ በኋላ ማን ሾፌር ማን ቀያሽ እንደሆነ ውሉ ጠፍቶብኛል።

የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፣ «ተምታታብኝ» አለ። ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ነገ ባለቤቴን ይዣት እመጣለሁ።»

የመሥሪያ ቤት ማሽን ሲያስቸግር ሚስት ስትጠራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ማክሰኞ ባለቤቱ መጣች፤ እትዬ ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የመጣችው። ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት ሹራቡን አውልቆ ደረበላት።

«አባትሽ ከሞላ በኋላ ወደ ማን ነው የምሻገረው?» አላት።

«አባቴ መቼ ሞልቶ ያውቃል? ቀጭን ሰው ነበር።»

«አትቀልጂ፤ የሰው እንጀራ ነው የተያዘው። ወደ ልጆቹ ፈልጌ አጣሁ።»

እትዬ ማሽኗን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ባሏ ዕድሜውን የጨረሰባትን ነገር በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። «አንተ ሰው፣ የአባቴ ሰው ማን ነበር? እኛማ በኋላ ነው የመጣነው። ሳያገባ፣ ሳይወልድ በፊት አብራው የኖረች እህቱ ናት። አክስቴ ናታ!»

«አክስት!» ብሎ ጮኸ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። እኔም ደስ ብሎኝ እትዬን አቀፍኳት።

አክስት የተባለው ፋይል ተከፈተ። የመምህራን ማሠልጠኛ ፈተና ነው። ዓመቱም ያ ዓመት አይደለም፤ ከአዋላጆቹ ፈተና አራት ዓመት ወዲህ ነው። ጋሽ ስምንት ዘጋው። ከፈተው። መምህራን። ዘጋው። በሦስተኛው ሲከፍተው ፊቱ ያስፈራ ነበር።

ይህን ጊዜ ችግር-የለም ገባ። «ችግር የለም፣ ዝርዝሩ ላይም አክስት የመምህራን ነው የሚለው። ራስዎ ነዎት የጻፉት» አለ። እውነቱን ነው፤ ጋሽ ስምንት ዝርዝሩን የጻፈው ማሽኑ ላይ ያለውን እያየ ነበር።

«ሁለት አክስት አሉሽ እንዴ?» አላት ባለቤቱን፣ እንደ ልመና።

«አንዲት ናት። ከሷ ሌላ አክስት ኖሮኝ አያውቅም።»

«ታዲያ እነዚህ መምህራን ከየት መጡ?»

እትዬ መነጽሯን አድርጋ ወደ ማሽኗ መስታወት ተጠጋች። ከስሙ ጎን ፋይሉ የተጻፈበት ቀን አለ። በጣቷ ነካችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ አክስቴን የቀበርንበት ሳምንት ነው» አለች።

የጋሽ ስምንት እጅ ከቁልፎቹ ላይ ወረደ። ሲናገር ለእኛ ይሁን ለራሱ አልገባኝም።

«ከቀብር ነው በቀጥታ የመጣሁት። የመምህራኑ ውጤት በማግሥቱ መውጣት ነበረበት፤ ፋይሉ ሞላብኝ። ስም ፈለግሁ። ዘመዱን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ሁሉም ተይዟል። አክስት ጋ ስደርስ… አክስት ያን ቀን ለኔ የለችም። በገዛ እጄ አፈር አልብሻት መምጣቴ ነው። ስሟ ነፃ የወጣ መሰለኝ። ሴትየዋ ሞተች እንጂ ፋይሉ መቼ ሞተ!»

ማሽኗ በዚህ በኩል ጠያቂ አይደለችም። ባለ ስም ፋይል ላይ እንደገና ጻፍ ካሏት የድሮውን በአዲሱ ትሸፍናለች፤ እርግጠኛ ነህ ወይ የሚባል ነገር አታውቅም። መጠባበቂያ ቴፖቹም በየሦስት ወሩ በላያቸው ላይ ይቀዳባቸው ስለነበር ከነሱም ምንም አልቀረም።

ችግር-የለም ጋሽ ስምንትን ወደ ጥግ ወሰደው። ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ እኔ ጆሮዬ ደህና ነው። «ማሽኑ በወሩ መጨረሻ ይነሳል። እርስዎም ጡረታ ይወጣሉ። ማን ያጣራል? ሴትዮዋ ሌላ ማስረጃ ትፈልግ፣ ችግር የለም።» ለሽኝቱ የተሠራውን የመታሰቢያ ሰሌዳ ሁላችንም ዋና ኃላፊው ቢሮ አይተነዋል፤ «ሠላሳ አራት ዓመት፣ አንድም ፋይል ሳይጠፋ» ተብሎ ተቀርጾበታል። ጋሽ ስምንት እሺም እምቢም ሳይል ሚስቱን ይዞ ወጣ። ሹራቡ ትከሻዋ ላይ እንዳለ እንኳን አላስታወሰም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሲስተርን ሳያት ምን እንደምላት ጨነቀኝ፤ በሌላ በር ዞሬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ በዚያ ላይ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ጋሽ ስምንት ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ከሲስተር ጎን ተቀምጧል። ነግሯት እየጨረሰ ነበር። ሲስተር ግንባሯን ቋጥራ ታዳምጠዋለች።

«ቆይ እንጂ» አለችው። «አክስትዎ ስለሞቱ ነው እኔ የሌለሁት?»

«የባለቤቴ አክስት።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ እጇን እጇን አየች። «ይገርማል። አልገባኝም፤ ግን ይገርማል። ይህንኑ ነገ ለኮሚቴው ይሉልኛል?»

«እላለሁ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ እኔ ሌላ ነገር ታየኝና አፌን መያዝ አቃተኝ። «ጋሼ፣ እሺ ፋይሉ ጠፋ ብለህ ተናገርክ እንበል። ሲስተር እዚያ ውስጥ እንደነበሩ ኮሚቴዎቹ በምን ያውቃሉ? ነገ ሐሰተኛ ወረቀት የያዘ ሁሉ ተነስቶ ‹እኔም ከጠፋው ፋይል ነኝ› ቢልስ?»

ሦስታችንም ተያየን። የጠፋ ነገር መጥፋቱን ብቻ ነው የሚመሰክረው። ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ ስምንት ግን በድንገት ተነሳ።

«ትናንት እራት ላይ እትዬሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? አዲሱ ቀሚስ ካጠረ የውስጡ ይታያል አለችኝ። ምን ታወሪያለሽ ብዬ ተቆጣኋት!» ብሎ ደረጃውን ወረደ። ተከተልኩት።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። የመምህራኑ ፋይል ሁለት መቶ ሰባ አራት ሰው ነው። ከሥሩ የነበረው የአዋላጆቹ ፋይል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ማሽኗ ፋይል ስታነብ መምህራኑ ያለቁበት ላይ ማብቂያ ምልክት ታገኛለች፤ እዚያ ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም ትላለች። የለም ትበል እንጂ አልጠረገችውም። በፋይል ስም እስከጠየቋት ድረስ ምልክቱን አታልፍም። ስለዚህ ጋሽ ስምንት ስም መጥራቱን ተወ። ከዲስኩ ላይ ይህንን ቦታ፣ ይህንን ክብ፣ ከዚህ እስከዚህ ያለውን፣ ምንም ይሁን ምን አትሚልኝ አላት። ይህን ማዘዝ ቀላል አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አፈር የመሰለ የማይነበብ ፊደል ተፋችበት። በአራተኛው የድሮዋ አታሚ እየተንጫጫች ሰው ማተም ጀመረች።

ሠላሳ ስምንት ሰው። ሁሉም አዋላጆች፤ ሁሉም የሲስተር ትምህርት ቤት ልጆች። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የተጻፉት እነሱ ነበሩ። በጣቴ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። ከታች እስከ ላይ ወጣሁ። ሲስተር የለችም።

ትምህርት ቤቱ ስልሳ አንድ ተማሪ ነው ያስፈተነው። ወረቀቱ የሚጀምረው ከሃያ አራተኛዋ ነው። በምስክር ወረቀቷ ላይ ባለው ቁጥር ሲስተር አሥራ ዘጠነኛ ናት። በአምስት ሰው! ወረቀቱን ልቀደው ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ስምንት ወረቀቱን አጣጥፎ በፖስታ አሸገው። በደንቡ የተፈታኝ ዝርዝር ለባለጉዳይ አይታይም፤ ስለዚህ ለሲስተር በአፌ ብቻ ነው የነገርኳት፣ የክፍሏ ልጆች እንደተገኙና እሷ እንደሌለች። ራሷን ነቀነቀች። የነገርኳትን የሰማችም አልመሰለኝ።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰየመ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ከጤና መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ቁጥብ ሴት። ጋሽ ስምንት ተነስቶ ቆመ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ። «አንድ ፋይል አጥፍቻለሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነበረበት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማሽኑም አይደለም፣ ማዛወሩም አይደለም።» ችግር-የለም ከኋላ ወንበር ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ስምንት አሥራ ስድስቱን ቁራሽ፣ ስምንቱን ፊደል፣ አማቱን፣ ቀብሩን ሁሉ አስረዳ። በመሃል ሰብሳቢዋ እጇን አነሳች።

«አንድ ጊዜ። አክስትየዋ ተፈታኝ ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«አዋላጅ ነበሩ?»

«የለም፣ የቤት እመቤት ነበሩ።»

ሰብሳቢዋ የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ከጎኗ ያለው ሰውዬ ሳቁን በመሐረብ አፈነ። በመጨረሻ ግን የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «አቶ… እርስዎ በሚሉት ፋይል ውስጥ እኚህ ሴት እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር አለ?»

«እስከ አሥራ ዘጠኝ የሚደርስ ነገር የለም። ከሃያ አራት ጀምሮ ያለው ይኸውና» ብሎ ፖስታውን አቀረበ። ሰብሳቢዋ ከፍታ አየችው። ትከሻዋን ሰበቀች። ያን ጊዜ እኔ አለቀ ብያለሁ። ተነስቼ «ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ» ልል ነበር፤ ማን ይሰማኛል ብዬ እንጂ።

ሲስተር ተነሳች። «ስም ልጥራ?» አለች።

«የምን ስም?»

«የክፍላችንን። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስንጠራ ነበር። የፈተና ቁጥራችንም በዚያው ተራ ነው የተሰጠን። እርስዎ ጋ ያለውን ወረቀት አላየሁትም፤ እሷ ምስክሬ ናት» ብላ ወደኔ አየች። እውነት ነው አልኩ።

ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አዞረች። «ይጥሩ።»

ሲስተር እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። ትከሻዋ ቀጥ አለ። ባዶውን ግድግዳ እያየች አንድ ብላ ጀመረች፤ ስም ከነአባት፣ ሳትፈጥን፣ ሳታቋርጥ። ሁለት። ሦስት። እነዚህን የሚያጣራ ወረቀት በዓለም ላይ የለም፤ ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን አየ። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠነኛ ላይ የራሷን ስም ጠራች፤ ጠርታም ትንፋሽ ሳትወስድ፣ በሌላ ድምፅ፣ ቀጭን በሆነ የልጃገረድ ድምፅ፣ «አቤት!» አለች።

ማለቷን እንኳን አላወቀችም። ሃያ ብላ ቀጠለች። የሳቀ አልነበረም።

ሃያ አራት ስትል የሰብሳቢዋ ጣት ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሃያ አምስት ስትል ወረደ። ሠላሳ ሦስተኛዋ ላይ ሲስተር «ይቺ ሞታለች» አለችና አለፈች። ጣቱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ስልሳ አንድ ስትል የወረቀቱ ታች ደረሰ። ሠላሳ ስምንት ከሠላሳ ስምንት። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የእኔን ቅጽ ከማህደሩ አውጥታ በላዩ ላይ ረጅም መስመር አሰመረችበት። «ወደ ሥራዎ ይመለሱ» አለቻት።

እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ በቅጡ አልመልስም። ሰዎቹ ወንበር እየገፉ ሲነሱ ጋሽ ስምንት ግን አንድ ወንበር ስቦ ሲስተር ፊት ተቀመጠ። ከኪሱ እርሳስ አወጣ፤ ወረቀት ቢያጣ የኮሚቴውን አጀንዳ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ሲስተር፣ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ያሉትን ይድገሙልኝ። እባክዎ ቀስ ብለው።»

«አሁን?»

«አሁን። ከነሱ በፊት የነበሩትንም ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ እፈልጋቸዋለሁ፤ ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ሰው ባገኝ ይበቃኛል።» እርሳሱን አስተካክሎ ያዘ። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቀሪ ስላቸው ኖሬያለሁ።»

ሲስተር እንደገና ቆመች፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አንድ አለች። እሱም መጻፍ ጀመረ።